ከጥፋት በኋላ የተረፈው ልጅና የታላላቆቹ ዕዳ

ስለ ጥፋት ውሃ የሚነገረውን ታሪክ በልጅነቱ ሳይሰማ ያደገ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው። ኖኅ መርከብ እንደ ሠራ፣ ቤተ ሰቡንና እንስሳቱን ይዞ እንደ ገባ፣ ውሃውም በጐደለ ጊዜ ርግቢቱ የወይራ ቅጠል ይዛ እንደ ተመለሰች ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ግን የምናስታውሰው አልፎ አልፎ ነው። ኖኅ ከመርከብ ከወጣ በኋላ ወይን ተከለ፤ ከወይኑም ጠጥቶ ሰከረ፤ በድንኳኑም ውስጥ ዕራቁቱን ሆነ። ካም የአባቱን ዕራቁትነት አይቶ ለወንድሞቹ ነገረ፤ ሴምና ያፌት ግን ልብስ ይዘው ወደ ኋላቸው እየተራመዱ፣ ሳያዩት ሸፈኑት። እንግዲህ ከጥፋት በኋላ ስለ አንድ ቤተ ሰብ የተነገረው የመጀመሪያው ታሪክ ልጆች አባታቸውን ያለ ልብስ ያዩበት ታሪክ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህን አስቀድመን ማንሣታችን ለዛሬው ጉዳያችን መግቢያ ስለሚሆነን ነው። በእንግሊዝኛም፣ በጀርመንኛም፣ በሌላም ቋንቋ ለወጣቶች ከሚደረሱት ልብ ወለድ ታሪኮች አንዱ ትልቅ ወገን፣ ዓለም በጦርነት ወይም በሌላ መቅሠፍት ከጠፋች በኋላ ስለሚተርፉ ልጆች የሚናገር ነው። አካሄዱም በብዙዎቹ ዘንድ ተመሳሳይ ነው። ከተማዎች ይፈርሳሉ፤ መንግሥት ይበተናል፤ መብራቱ ይጠፋል፤ ገበያው ይዘጋል። ገና ለአካለ መጠን ያልደረሰ አንድ ልጅ ንጹሕ ውሃ ለማግኘት፣ እህል ለመዝራት፣ ከክፉ ሰው ለመሸሸግ ይደክማል። አንባቢውም «ይተርፍ ይሆን?» እያለ ገጹን ይገልጣል።

ስለ እነዚህ መጻሕፍት ከመምህራንና ከወላጆች ሁለት ዓይነት ወቀሳ ሲቀርብ እንሰማለን። አንደኛው ወቀሳ «ገና ሕይወቱን ያልጀመረ ወጣት የዓለምን ፍጻሜ እያነበበ ለምን ተስፋ ይቈርጣል?» የሚል ነው። ሁለተኛውም «እያንዳንዱ ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥበት ታሪክ ልጁን ‹ከራስ በላይ ነፋስ› የሚለውን ተረት ያስተምረዋል እንጂ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ነው። ሁለቱም ወቀሳዎች ከቀና ልብ የመነጩ ስለ ሆኑ በቸልታ የሚታለፉ አይደሉም። በዚህ ወገን ከሚቈጠሩት መጻሕፍት ብዙዎቹ በእርግጥ ወቀሳው ይገባቸዋል፤ ጥፋቱን እንደ ትርኢት፣ ሞትን እንደ ጌጥ አድርገው የሚያቀርቡ አሉና። ስለዚህ ብርቱውን ከደካማው ለመለየት አንድ መስፈሪያ ያስፈልጋል።

እኛ የመረጥነው መስፈሪያ ይህ ነው፤ በእንዲህ ያለው መጽሐፍ ውስጥ ታላላቆቹ ወዴት አሉ? ዓለምን ያጠፋት ልጁ አይደለም። ቦምቡን የሠራው፣ ሕጉን የደነገገው፣ ወይም አይቶ ዝም ያለው ታላቁ ሰው ነው። ደራሲው ይህን ታላቅ ሰው በልጁ ፊት አቁሞ መልስ እንዲሰጥ ያደርገዋልን? ወይስ በመጀመሪያው ገጽ ገድሎት ከነዕዳው ይቀብረዋል? የእነዚህ መጻሕፍት ክብደት የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ መሆኑን አራት ድርሰቶችን በማነጻጸር ለማሳየት እንሞክራለን።

አስቀድሞ ግን ፍርሃቱ ከየት እንደ መጣ መናገር ይገባል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1945 ዓመት፣ ነሐሴ 6 ቀን በሂሮሺማ፣ ነሐሴ 9 ቀን ደግሞ በናጋሳኪ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ከተጣለ ወዲህ፣ የዓለም ፍጻሜ በሰው እጅ ሊመጣ የሚችል ነገር ሆኗል። በ1962 ዓመት በኩባ ምክንያት የተነሣው ጠብ አሜሪካንና ሶቪየት ኅብረትን ወደ ጦርነት አፋፍ አድርሷቸው ነበር። በ1986 ዓመት የቸርኖቢል የኀይል ማመንጫ በፈነዳ ጊዜ ደግሞ መርዘኛው ጨረር የአገርን ወሰን እንደማያውቅ ታየ። ዛሬም ዘጠኝ መንግሥታት የኑክሌር መሣሪያ አላቸው። ስለዚህ እነዚህ መጻሕፍት በወጣቱ ልብ ውስጥ ያልነበረውን ፍርሃት አምጥተው የሚያስገቡ አይደሉም፤ ልጁ ከታላላቆቹ ወሬ ሰምቶ በልቡ የያዘውን ፍርሃት ስም ይሰጡታል። እዚህ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከአራቱ የመጀመሪያ አድርገን የምናነሣው አሜሪካዊው ሮበርት ኦብራየን የደረሰው «ዜድ ለዘካርያስ» የተባለው መጽሐፍ ነው። ኦብራየን የብዕር ስሙ ሲሆን እውነተኛ ስሙ ሮበርት ሌስሊ ኮንሊ ነበር። ደራሲው በ1973 ዓመት ድርሰቱን ሳይፈጽም ስለ ሞተ፣ ሚስቱና ሴት ልጁ ከማስታወሻው እየተመለከቱ ፈጽመውታል። የአርእስቱም ምክንያት ይህ ነው። የታሪኩ ባለቤት አን በርደን ሕፃን ሳለች ፊደል የቈጠረችው ከመጽሐፍ ቅዱስ በተወሰዱ ስሞች ነበር፤ የመጀመሪያው ፊደል ለአዳም፣ የመጨረሻውም ለዘካርያስ ነው። አዳም የመጀመሪያው ሰው እንደ ሆነ ስለ ሰማች፣ ዘካርያስ የመጨረሻው ሰው መሆን አለበት ብላ አሰበች።

አን አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት የገበሬ ልጅ ናት። ከጦርነቱ በኋላ በዙሪያዋ ያለው አገር ሁሉ ሞቷል፤ የእርስዋ ሸለቆ ግን ነፋሱ ከውጭው አየር ጋር ስለማይቀላቀል በሕይወት ቀርቷል። በሸለቆው ውስጥ ሁለት ውሃዎች አሉ። አንዱ ከዚያው ከሸለቆው የሚመነጭ ስለ ሆነ ዓሣ ይገኝበታል፤ ሁለተኛው ከውጭ ስለሚፈስስ ዳርቻው እንኳ ሣር አያበቅልም። ወላጆችዋ ሌላ የተረፈ ሰው ለመፈለግ ወጥተው አልተመለሱም። አን ላም እያለበች፣ አትክልት እየኰተኰተች፣ በየዕለቱ ማስታወሻ እየጻፈች ብቻዋን ስትኖር አንድ ቀን ከሩቅ ጢስ ታያለች። የሚመጣ ሰው አለ ማለት ነው።

የሚመጣው ጆን ሉሚስ የተባለ የኬሚስትሪ ምሁር ነው። ከጨረር የሚከላከል የፕላስቲክ ልብስ ለብሶ፣ ዕቃውን በጋሪ እየጐተተ ይደርሳል። አን ትደሰታለች፤ ትፈራለችም። ስለ ፈራችም ከተሸሸገችበት ሆና፣ ሰውዬው በሞተው ውሃ ሊታጠብ ሲገባ እያየች ዝም ትላለች። ሉሚስ ከዚያ የተነሣ በጠና ይታመማል። አን ከተሸሸገችበት ወጥታ ታስታምመዋለች፤ ታበላዋለች፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳም ትጸልይለታለች። ደራሲው እዚህ ላይ ያደረገው ነገር በጣም ያስመሰግነዋል፤ ልጅቱን ፍጹም ንጹሕ አድርጎ አላቀረባትምና። ዝምታዋ በሰው ላይ ጕዳት ማድረሱን ታውቃለች፤ ዕዳዋንም በማስታመም ትከፍላለች። ታላላቆቹ ያላደረጉትን ያደረገች እርስዋ ናት።

ሉሚስ በትኵሳት ሲቃዥ ምሥጢሩ ይገለጣል። ያ ልብስ አንድ ብቻ ነበር፤ የሥራ ባልደረባው ኤድዋርድ ሚስቱንና ልጁን ለመፈለግ ለብሶት ሊሄድ ሲል ሉሚስ ተኵሶ ገድሎታል። በልብሱም ላይ የጥይቱ ቀዳዳ ተጠግኖ ይታያል። ሕመሙ በተሻለው ጊዜ ሉሚስ አመስጋኝ በመሆን ፈንታ አዛዥ ሆነ። ምን እንደሚዘራ ይወስናል፤ አንንም እንደ ሸለቆው ሁሉ የራሱ ንብረት አድርጎ መቍጠር ይጀምራል። በአንድ ሌሊትም በኀይል ሊደርስባት ይሞክራል። እርስዋም አምልጣ በዋሻ ትኖራለች። ከዚያ በኋላ የትራክተሩን ቍልፍ ይነሣታል፤ ሱቁን ይቈልፍባታል፤ እግርዋንም በጥይት ያቈስላታል። በመጨረሻ አን ያንኑ የፕላስቲክ ልብስ ይዛ፣ የተወለደችበትን ሸለቆ ለእርሱ ትታ፣ ሌላ ሕያው ስፍራ ፍለጋ ትሄዳለች።

ይህን መጽሐፍ የዕውቀትና የገጠር ኑሮ ክርክር አድርገው የሚያነቡት ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን እንደዚያ አናነበውም። ሉሚስ ከቤንዚን መቅጃው ላይ በእጅ እየተገፋ እንዴት ነዳጅ እንደሚወጣ ባያስረዳት ኖሮ አን ትራክተሩን ማንቀሳቀስ ባልቻለች ነበር። ስለዚህ ዕውቀቱ ጠቅሟል። ጕዳቱ የመጣው ከሌላ ነው፤ ይኸውም «ነፍስን ለማዳን የማይፈቀድ ነገር የለም» ከሚለው አሳብ ነው። ሉሚስ ኤድዋርድን በገደለበት ሰዓት ተርፏል፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት ሰው ከሰው ጋር አብሮ የሚኖርበትን ችሎታ አጥቷል። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለው ተረት መጨረሻው ምን እንደ ሆነ ለወጣት ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። አረንጓዴ ሸለቆ፣ ወተት፣ እህልና ውሃ ያለው ሰው፣ የመጨረሻይቱ ጓደኛው ጥላው ስትሄድ ብቻዬን አትተዪኝ እያለ ይለምናል።

ሆኖም በመስፈሪያችን ስንመዝነው ጐድሎ የሚገኝበት ስፍራ አለ። የአን አባትና እናት ገና በመጀመሪያው በመኪና ወጥተው ይጠፋሉ። ስለዚህ ልጅቱ ወላጆችዋን «ይህ ነገር እንዴት መጣ?» ብላ ለመጠየቅ ዕድል አታገኝም። ወላጆችዋ በእጅዋ ሙያ ውስጥ ብቻ ይገኛሉ፤ ላም ማለብን፣ መዝራትን፣ እንጀራ ፍለጋን ከእነርሱ ተምራለች። ይህ መልካም ቅርስ ነው። ነገር ግን የታላላቆቹ በደል ሁሉ ከውጭ በመጣ በአንድ እንግዳ ሰው ላይ ተጭኖ፣ የራስ ቤት ያለ ምርመራ ነጻ ይወጣል። ደራሲው እንደ ሴምና እንደ ያፌት ወደ ኋላው ተራምዶ የአባትን ዕራቁትነት ሸፍኗል ማለት ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ እንግሊዛዊው ጆን ዊንደም በ1955 ዓመት ያወጣው «ክሪሳሊድስ» ነው። ቃሉ ከትልነት ወደ ቢራቢሮነት በመለወጥ ላይ ያለ ፍጥረት ማለት ነው። ይህ ድርሰት ለወጣት ብቻ ተብሎ ባይጻፍም፣ በእንግሊዝና በካናዳ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዘመን ሲነበብ ስለ ቈየ ከእነዚህ ጋር መቍጠር ይቻላል። ነገሩ የሚፈጸመው ጥፋቱ ከደረሰ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ ላብራዶር በተባለው አገር ዋክነክ በምትባል መንደር ነው። የመንደሩ ሰዎች ከጥፋቱ የተረፉት በእግዚአብሔር ቸርነት እንደ ሆነ ያምናሉ፤ ከተለመደው መልክ ወጣ ያለውን እህል ያቃጥላሉ፤ ከብቱን ያርዳሉ፤ ጕድለት ያለበትን ሕፃን ከሰው አይቈጥሩትም። ታሪኩን የሚነግረን ዴቪድ የተባለ ልጅ ነው። ጓደኛው ሶፊ በእያንዳንዱ እግርዋ ስድስት ስድስት ጣት አላት። እርሱም ራሱ በዓይን የማይታይ ልዩነት አለው፤ ከጥቂት ልጆች ጋር ያለ ቃል፣ በአሳብ ብቻ ይነጋገራል።

እዚህ ላይ አባትየው አልጠፋም። የዴቪድ አባት ጆሴፍ ስትሮም በቤቱ ቁሞ ይፈርዳል። ስለ ሶፊ እንዲናገር የገዛ ልጁን ይገርፈዋል። የሚስቱ እኅት ጥቂት ጕድለት ያለበትን ሕፃንዋን ይዛ እርዳታ ልትለምን ስትመጣ ያለ ርኅራኄ ያባርራታል፤ እርስዋም በውሃ ውስጥ ሞታ ትገኛለች። ከእርሱ አጠገብ ግን አክስል የተባለው አጎት አለ። አክስል በመርከብ ብዙ አገር ያየ ሰው ነው፤ የልጁን ምሥጢር ያውቃል፤ ይጠብቅለታል፤ «ትክክለኛው የሰው መልክ የቱ እንደ ሆነ ማን ያውቃል?» እያለም አእምሮውን ይከፍትለታል። ዊንደም በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ታላላቅ ሰዎችን አቁሞ ልጁን እንዲመርጥ ማድረጉ ከኦብራየን የበለጠበት ነገር ነው። ወጣቱ አንባቢ ታላላቆች ሁሉ አንድ እንዳልሆኑ ይማራል።

የመጽሐፉ ድካም በፍጻሜው ነው። ልጆቹ ከመንደሩ ሸሽተው በተከበቡ ጊዜ፣ ከሩቅ አገር በአየር የመጡ ሰዎች ያድኗቸዋል። አዳኞቹም እንደ ልጆቹ በአሳብ የሚነጋገሩ ናቸው። ሲያድኗቸው ግን በዙሪያው የነበረውን ሰው ሁሉ፣ አሳዳጁን ከተሳዳጁ ሳይለዩ፣ በሚያጣብቅ ክር አንቀው ይገድላሉ። ከዚያም ከአዳኞቹ መካከል የሆነችው ሴት የበለጠው ዘር ያነሰውን መተካቱ የተፈጥሮ ሕግ መሆኑን ታስረዳለች። ይህ ከጆሴፍ ስትሮም ትምህርት በምን ይለያል? እርሱም የሚለው ይህንኑ ነበር፤ የተለወጠው ሰይፉን የያዘው እጅ ብቻ ነው። ደራሲው ይህን አስቦበት ያደረገው ነው የሚሉ ተርጓሚዎች ቢኖሩም፣ ልጆቹ በደስታ ተሳፍረው ሲሄዱ የመንደራቸውን ሰዎች ሬሳ ዘወር ብለው በወጉ አለማየታቸው ለእኛ ትልቅ ጕድለት ሆኖ ይታየናል። መምህር ይህን መጽሐፍ በክፍል ቢያስነብብ፣ ከዚህ ፍጻሜ ላይ ቆሞ ተማሪዎቹን እንዲያከራክር እንመክራለን።

ሦስተኛው ከሁሉ የመረረው ነው። ጀርመናዊቱ ጉድሩን ፓውዘቫንግ በ1983 ዓመት «የሼቨንቦርን የመጨረሻዎቹ ልጆች» የሚለውን መጽሐፍ አወጣች። በዚያ ዓመት በምዕራብ ጀርመን ምድር አዲስ የአሜሪካ ሚሳይሎች ሊተከሉ ስለ ነበር አገሩ ሁሉ በክርክር ይናወጥ ነበር። ደራሲዋ በ1928 ዓመት የተወለደች፣ በልጅነትዋ ጦርነትን ያየች፣ በሙያዋም መምህርት ነበረች፤ በ2020 ዓመትም ዐርፋለች። ሼቨንቦርን የምትባለው ከተማ በካርታ ላይ ባትገኝም፣ ደራሲዋ ትኖርባት የነበረችውን ትንሽ ከተማ መልክ ይዛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮላንድ የተባለ ገና አሥራ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከወላጆቹና ከሁለት እኅቶቹ ጋር ለዕረፍት ወደ አያቶቹ ቤት ሲጓዝ በአቅራቢያው ባለችው በፉልዳ ከተማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ የሚረዳ መንግሥት፣ የሚመጣ ሐኪም የለም። ተስቦ ይነሣል፤ ረኀብ ይከተላል፤ የጨረር ሕመም ሰውን ቀስ በቀስ ይጨርሳል። ሁለቱም እኅቶቹ ይሞታሉ። ቀጥሎም እናቱ ሕፃን ስትወልድ ትሞታለች፤ የተወለደችውም ሕፃን ዓይን የላትም። እግሮቹን ያጣ አንድ ልጅም በግድግዳ ላይ ወላጆችን የሚረግም ቃል በከሰል ይጽፋል።

ከሌሎቹ የሚለየው ግን የሐዘኑ ብዛት አይደለም። ፓውዘቫንግ አባትየውን አልገደለችውም። የሮላንድ አባት የተረፉትን ልጆች ሰብስቦ ትምህርት ቤት ይከፍታል፤ ማንበብና መጻፍ ያስተምራቸዋል፤ ሥነ ሥርዓትም ሊያስይዛቸው ይሞክራል። በአንድ ቀን ከተማሪዎቹ አንዱ ተነሥቶ ይጠይቀዋል። ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ጊዜ ሳለ፣ ሰላም እንዲጠበቅ ምን አድርገህ ነበር? ይለዋል። አባትየው መልስ የለውም፤ ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። ልጁም ነፍሰ ገዳይ ብሎ ይጠራዋል። በእኛ አስተያየት ይህ በዚህ ዓይነት ድርሰት ሁሉ ውስጥ ከተጻፉት ትዕይንቶች ታላቁ ነው። ሰውዬው ቦምብ አልሠራም፤ ማንንም አልገደለም፤ ቤተ ሰቡን የሚወድድ፣ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነበር። ነገር ግን «ይህ ነገር የእኔ ጉዳይ አይደለም» ብሎ ዝም ብሎ ነበር። ዝምታም በልጆች ፊት እንደ ሥራ ተቈጥሮበታል።

የኖኅን ልጆች እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ካም ያየውን አወራ፤ ሴምና ያፌት ሳያዩ ሸፈኑ። ሮላንድ ግን በሁለቱም መንገድ አልሄደም። የአባቱን ዕራቁትነት ዓይኑን ከፍቶ አየ፤ ነገሩንም ሳይሸሽግ ይነግረናል። አይቶ ግን ትቶት አልሄደም። አባቱ በተማሪዎቹ ፊት መቆም ባቃተው ጊዜ፣ ገና አሥራ ሰባት ዓመት የሆነው ሮላንድ ራሱ ቆሞ ያስተምራቸዋል። ከፊደሉና ከሒሳቡም ጋር እንዴት እርስ በርስ መረዳዳትና ያለ ጠብ መኖር እንደሚቻል ሊያስተምራቸው ይፈልጋል። ከታላላቆቹ ዘንድ ያጣውን ነገር እርሱ ለታናናሾቹ ይሰጣል።

ይህን ስንል መጽሐፉ እንከን የለበትም ማለታችን አይደለም። ደራሲዋ ለማስጠንቀቅ ስትቸኵል መከራን በመከራ ላይ ስለምትጨምር፣ አንባቢው በመካከል ልቡ ይደነዝዛል። አንዳንድ ሰዎችም የራሳቸው ጠባይ ሳይኖራቸው ለስብከት ብቻ ቆመው ይታያሉ። የትምህርት ቤቱ ትዕይንት ግን ይህን ሁሉ ጕድለት ይሸፍናል።

አራተኛ አድርገን የምናነሣው በዘመናችን ወጣቶች ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የታወቀውን ነው። አሜሪካዊቱ ሱዛን ኮሊንስ በ2008 ዓመት ያወጣችው «የረኀብ ጨዋታ» በ2012 ዓመት በፊልም ከታየ ወዲህ ስሙን ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። ሰሜን አሜሪካ በጥፋት ካለፈች በኋላ በፍርስራሽዋ ላይ የተነሣው መንግሥት፣ ያመፁበትን ክፍለ ሀገሮች ለመቅጣት በየዓመቱ 24 ወጣቶችን በዕጣ እያወጣ፣ አንድ እስኪቀር ድረስ እርስ በርሳቸው ያጋድላል። ካትኒስ የተባለችው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ዕጣው ለታናሽ እኅትዋ በወጣ ጊዜ በፈቃድዋ ትተካታለች። አባትዋ በማዕድን ጕድጓድ ፍንዳታ ሞቷል፤ እናትዋም ከሐዘን የተነሣ ቤቱን መምራት ተስኗት ስለ ነበር፣ ቀስት ይዛ ዱር እየገባች ቤተ ሰቡን የመገበች ልጅቱ ናት።

እዚህ መጽሐፍ ውስጥ የታላላቆቹ በደል ከሁሉ ይልቅ ግልጥ ነው፤ ልጆች የሚሞቱት ታላላቆች ተቀምጠው እያዩ ነውና። ሕጋቸውም «አንድ ብቻ ይትረፍ» የሚል ነው። ካትኒስ ግን የሞተችውን ትንሽ ተፎካካሪዋን ሬሳ በአበባ ታስጌጣለች፤ በመጨረሻም ከአገርዋ ልጅ ጋር ሁለት ብቻ ሲቀሩ አንዱ ሌላውን ከሚገድል ይልቅ ሁለቱም መርዛማ ፍሬ በልተው ለመሞት ይነሣሉ። ባለ ሥልጣኖቹ ያለ አሸናፊ ላለመቅረት ሁለቱንም ለማትረፍ ይገደዳሉ። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለው ሕግ የተሰበረው ከራስ በላይ ሰው ባስቀመጡ በሁለት ልጆች ነው። የመጽሐፉ አደጋ ግን ከዚሁ ጋር አብሮ ይኖራል። ታሪኩ ፈጣንና አስደሳች ስለ ሆነ፣ አንባቢው ሳያውቀው ጨዋታውን እንደሚያየው ሕዝብ «ቀጥሎ የሚሞተው ማን ይሆን?» እያለ ይጠባበቃል። ወጣቱ ይህን በራሱ ልብ ውስጥ ካገኘው በኋላ ቢያፍርበት መጽሐፉ ጠቅሞታል፤ ሳያስተውለው ካለፈ ግን ጐድቶታል።

አሁን ወደ ተነሣንባቸው ሁለት ወቀሳዎች እንመለስ። እነዚህ መጻሕፍት ራስን ብቻ ማዳንን ያስተምራሉ ለሚለው መልሳችን ከላይ ታይቷል፤ ከአራቱ አንዱ እንኳ ለራሱ ብቻ የተረፈውን ሰው አያመሰግንም። ተስፋ ያስቈርጣሉ ለሚለው ግን ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ተስፋ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ክፉ ነገር አይመጣም ብሎ ማመን ነው። ይህ የሕፃን ተስፋ ስለ ሆነ ልጁ ጋዜጣ ማንበብ በጀመረበት ቀን ይፈርሳል። ሁለተኛው ክፉ ነገር ሊመጣ ቢችልም እኔ የማደርገው ነገር አለ ብሎ ማመን ነው። አን የምትዘራው እህል፣ አክስል ለልጁ የሚነግረው ቃል፣ ሮላንድ የሚያስተምረው ክፍል ሁሉ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ለወጣት የሚገባውም ይኸኛው ተስፋ ነው።

ይልቁንም ከወጣቱ ይበልጥ እነዚህን መጻሕፍት ማንበብ የሚገባን እኛ ታላላቆቹ ሳንሆን አንቀርም። በቢሮ ተቀምጠን ፋይል የምንመራ፣ በክፍል ቆመን የምናስተምር፣ በቤትም ልጆች የምናሳድግ ሁላችን፣ በዚያ የፈረሰ ትምህርት ቤት ውስጥ የተነሣው ልጅ ጥያቄ ይመለከተናል። ጥያቄው ስለ አቶሚክ ቦምብ ብቻ አይደለም። ስለሚራቈተው ተራራ፣ ስለሚደርቀው ምንጭ፣ በወንድማማቾች መካከል ስለሚዘራው ጥላቻ ልጆቻችን አንድ ቀን «ጊዜ ሳለ ምን አደረጋችሁ?» ብለው ይጠይቁናል። በዚያን ጊዜ ልጆቻችን እንደ ሴምና እንደ ያፌት በልብስ እንዲሸፍኑን ተስፋ ማድረግ ደካማ ስንቅ ነው።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ዓይነት መጽሐፍ በተማሪ እጅ ስታዩ አትንጠቁት፤ ይልቅስ አብራችሁ አንብቡትና «ታላላቆቹ ወዴት ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቁት። ተማሪዎችም ሆይ፣ መጽሐፉን ዘግታችሁ ስትነሡ «እኔ ብሆን እተርፍ ነበርን?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ብተርፍ ለማን እተርፋለሁ? ከእኔ ለሚያንሰውስ ምን አስተምረዋለሁ? ብላችሁ ራሳችሁን መርምሩ። እኛ ታላላቆቹ ደግሞ ልጁ ጥያቄውን ይዞ ሳይነሣ፣ መልሱን በሥራ ለማዘጋጀት ዛሬ ጊዜ አለን።